ነጩ ድብ ቢሾፍቱ ወረደ

መምህር ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለተማሪዎቹ እንዴት ይናገር? ሌላው ዓለም ገና ይጨነቅበታል። እኛ ከፈታነው ቆየን። መልሱ ቢሾፍቱ ወርዶ ሆቴል ውስጥ መሠልጠን ነው።

ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። አዲስ አበባ አዳራሽ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ግን ስለ ጭስ ለማውራት መጀመሪያ ትንሽ ማጨስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትሩን ለአንድ ኃላፊ አንድ ላንድክሩዘር እየተመደበ ተወረደ። እኛ መምህራን በአንድ ኮስትር ተጠቅጥቀን ሄድን። ጭሱ በነፍስ ወከፍ ቢሰላ ከአዳራሹ ሁሉ ንጹሕ እኛ ነበርን፤ የሚያጨበጭብልን ግን አልተገኘም።

አዳራሹ ግሩም ነው። ውጭ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ታበራለች፤ ውስጥ መጋረጃው ተዘግቶ አምፖሉ ሁሉ በርቷል። ኤሲው ደግሞ ጉድ ነው። አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ጋቢ አስመጥታ ተከናነበች። ስለ ሙቀት መጨመር እየተንቀጠቀጡ መማር ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ እንዲናፍቅ ያደርጋል። በየሰው ፊት ሁለት ሁለት የፕላስቲክ ውሃ ተደርድሯል። ከፊት ለፊት ስለ ፕላስቲክ አደገኛነት የሚናገር ባነር ተሰቅሏል፣ እሱም ፕላስቲክ። ቀኑ ስለተጻፈበት ለከርሞ አያገለግልም።

አሰልጣኙ ዶክተር የመጀመሪያውን ስላይድ ከፈቱ። በረዶ ላይ የቆመ ነጭ ድብ። «ይህ እንስሳ ቤቱን እያጣ ነው» አሉ። ከልብ አዘንን።

አጠገቤ የተቀመጠው መምህር ከቦረና ነው የመጣው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ እዚያው ነበር። ከብቱ እንዴት እንዳለቀ አይቷል። ልጆቹ አንድ በአንድ ከክፍል ሲቀሩ ስም እየጠራ አቴንዳንስ ይዟል። ድብ ግን አይቶ አያውቅም። እና ስልጠናው የግድ ያስፈልገው ነበር።

ማታ ትንኝ አላስተኛን አለ። ጠዋት ስናወራ ሳቅኩ፣ ምክንያቱም እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በከፊል የተሠራው እዚሁ ደብረ ዘይት አካባቢ ነው። ሞቃት በሆነ ዓመት ወባ ወደ ደጋው ሽቅብ እንደምትወጣ፣ በቀዘቀዘ ዓመት ደግሞ እንደምትወርድ ያሳየው ጥናት። ማለትም ዶክተሩ ከሰሜን ዋልታ ያመጡልን ትምህርት ከሆቴሉ መስኮት ውጭ ይጮህ ነበር። ስላይድ ስላልነበረው ግን ቦታ አላገኘም።

ቃላቱንማ ምን ልበላችሁ! ሚቲጌሽን፣ አዳፕቴሽን፣ ሪዚሊየንስ። የመጨረሻው በአማርኛ «አይበገሬነት» ነው ተባልን። ወር አጋማሽ ላይ ደመወዙ ያለቀበት መምህር ስለ አይበገሬነት መሠልጠኑ ትሕትና ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲጥለን ማነቃቂያ መጣ። ተነሡ ተባልን። መጀመሪያ በአንድ ጣት፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ከዚያ በመዳፍ፣ በመጨረሻም ጭናችንን እየመታን የዝናብ ድምፅ አሰማን። ወዲያው አዳራሹ የሐምሌ ዶፍ የወረደበት መሰለ። የቦረናው መምህር ጨዋታውን አድምጦ ሲጨርስ «ደህና ዘንቧል» አለ።

እኛ የሰማነውን ሄደን ሌሎች መምህራንን እናሠለጥናለን። እነሱ ደግሞ ሌሎችን፤ በስተመጨረሻ ተማሪው ጋ ይወርዳል። ቆላ አገር አንዳንዴ ደመናው ሲያዘንብ ከሩቅ ይታያል፤ ጠብታው ግን መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይተናል። አሠራሩ ከዚህ የተወሰደ ይመስለኛል። አበሉ ግን አልተነነም፣ በዕለቱ በፊርማ ደርሶናል። እዚህ ላይ ማማት ነውር ነው፣ እኔም ፈርሜያለሁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ የቦረናው መምህር እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ አንዲት ተማሪዬ "የእኛን ከብት የገደለው ማነው?" አለችኝ። ምን ልበላት?»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ። «በጣም አሪፍ ጥያቄ! ፓርኪንግ ሎት ላይ እናስቀምጠው።»

ፓርኪንግ ሎት ማለት ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ነው። ጥያቄ እዚያ ይቆማል። እንደ ላንድክሩዘሮቹ ጥላ ሥር ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ማታ ይወጣሉ።

መልስ ጠፍቶ አልነበረም። ሳይንቲስቶች በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ስለዚያው ድርቅ የደረሱበትን ተናግረዋል። ሰው ባመጣው ሙቀት የተነሣ እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉ መቶ እጥፍ ያህል ጨምሯል ብለዋል። ዝናቡ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ ከአፈሩና ከሣሩ የሚያተነው ውሃ ከድሮው በዝቷል። ጭሱስ የማን ነው? መላው አፍሪካ ተደምሮ በዓለም ላይ በዓመት ከሚለቀቀው የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ጭስ ከመቶ አራት እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ይህን በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ለአንዲት ልጅ ለመንገር ሩብ ሰዓት ይበቃል፣ የአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ እንኳ አያልቅም። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሆቴል መያዝ ደግሞ ያሳፍራል።

ሰርተፍኬት ታደለ። ፎቶ ተነሣን፣ ሦስቴ፣ አንዱ ኃላፊ ዐይናቸውን ጨፍነው ስለነበር። ለመታሰቢያ ችግኝ ተክለን ወደ መኪና ተጣደፍን። ማን ያጠጣዋል የሚል ጠያቂ የለም፤ ፓርኪንግ ሎቱም ሞልቶ ነበር።

ቻርጀሬን ረስቼ ስመለስ አንዲት የሆቴሉ ሠራተኛ ወንበር ታነሣለች። ግማሽ ግማሽ የተጠጡትን ውሃዎች አንድ ባልዲ ውስጥ እየገለበጠች ነው። ወደ ግድግዳው ወረቀት ጠቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ይጣል?»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

ቀረብ ብላ አነበበችው። ከላይ አንዱ «በልግ ለምን ቀረ?» ብሎ ጽፏል።

«የእኛም አገር ቀርቷል» አለች። «አባቴ በልግ መዝራት ትቶ ክረምቱን ብቻ ነው የሚጠብቀው። እኔም በዚያው ነው እዚህ የመጣሁት።»

ስሟ አቴንዳንሱ ላይ ስለሌለ አልተመዘገበም። ወረቀቱን ጠቅልላ ባልዲውን አንጠልጥላ ወጣች። በመስኮት ሳያት ውሃውን ችግኙ ላይ ታፈሳለች።