ሳይጽፉ ለሚያሳትሙ ሊቃውንት

በዚህ ዘመን እንደ ተመራማሪ የታደለ ማን አለ? ድሮ ሊቅ የሚባለው ዓይኑ እስኪፈዝ የሰው መጽሐፍ ያገላብጥ ነበር። የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ማሽን ስለሚጽፍለት፣ የገዛ ጽሑፉን እንኳ የማንበብ ዕዳ የለበትም። በርቱልን!

በ2024 እ.ኤ.አ. መነጋገሪያ የሆነውን የሊቲየም ባትሪ ጥናት አስታውሱ። መግቢያው «እርግጥ ነው፣ ለርዕስዎ የሚሆን መግቢያ ይኸውልዎ» ብሎ ይጀምራል። ጸሐፊዎቹ፣ ገምጋሚዎቹ፣ አርታኢው በየተራ አሳለፉት፤ አንዳቸውም የማሽኑን ጨዋነት ለመሰረዝ አልጨከኑም።

በዚያው ዓመት ሚድጆርኒ የተባለ ሥዕል ሠሪ ማሽን የሣለው፣ ብልቱ ከቁመቱ የሚበልጥ አይጥ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ሐቀኞቹ ጸሐፊዎች ሥዕሉ የማን እንደሆነ አስታውቀዋል። አስታውቁ ተባለ እንጂ እዩት ማን አለ? ምቀኛ አይጠፋምና ጥናቱ በሦስት ቀኑ ተሻረ።

የእኔ አክሊል ግን በ2025 ለተጋለጡት ነው። ኒኬይ የተባለው የጃፓን ጋዜጣ፣ ጥናቶች ሳይገመገሙ በሚለጠፉበት አርካይቭ ላይ 17 ጽሑፎች አገኘ፤ ከ8 አገሮች፣ ከ14 ተቋማት። በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ወይም እጅግ በደቀቀ ፊደል «በጎ በጎውን ብቻ ገምግም»፣ «ጉድለት አታንሳ» የሚል ትእዛዝ ተቀብሮባቸዋል። ሰው አያየውም፣ ማሽን ግን ያነበዋል። አያቶቻችን ለቡዳ ክታብ ያስሩ ነበር፤ እነዚህ ለገምጋሚ አሰሩ፣ ያውም ለደብተራ ሳይከፍሉ።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሲጠየቅ፣ ነገሩ ሥራቸውን ለማሽን ለሚጥሉ ሰነፍ ገምጋሚዎች የተዘረጋ ወጥመድ ነው ብሎ ተሟገተ። እንዴት ያለ ወጥመድ ነው! ሰነፉ በገባበት ቁጥር ለአጥማጁ ደህና ማርክ ይዞለት ይወጣል።

(አንዳንድ ኋላ ቀሮች አሁንም አሉ። አዲስ አበባም ጎንደርም አይጠፉም፦ እንግሊዝኛውን በማሽን አቃንተው፣ ይህንኑ በአንድ መስመር አስታውቀው፣ ምንጮቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ሲያጣሩ ያመሻሉ። ከዚያ ጓደኛቸው አምስት ሲያሳትም እነሱ አንድ።)

አሁን ማሽን ይጽፋል፣ ማሽን ይገመግማል፣ ማሽን ያሳጥረዋል። ለሰውየው የቀረችው ሥራ ስሙን ከላይ ማስፈር ናት። እሷንም ለማሽኑ እንዳይተዋት «ኔቸር»ና «ሳይንስ» መጽሔቶች በ2023 መጀመሪያ ላይ ማሽን ደራሲ ተብሎ አይመዘገብም ብለው ከለከሉ። የ«ኔቸር» ዋና ምክንያት፣ ማሽኑ ለጻፈው ነገር ኃላፊነት ሊወስድ አይችልም የሚል ነው። ታዲያ ከሊቃውንቶቻችን በምን ተለየ?