ፋርስኛን ያነሡት ባለቅኔዎች ብቻ አይደሉም

ፋርስኛ ከእስልምና መስፋፋት በኋላ ዳግም የጽሕፈት ቋንቋ ስለ መሆኑ ሲነሣ፣ ምስጋናው ሁሉ ለባለቅኔዎች፣ ይልቁንም ሻህናሜ የተባለውን የፋርስ ነገሥታት ታሪክ ግጥም በ1010 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለፈጸመው ለፊርደውሲ ይሰጣል። እኔ ግን እኩሌታው ለደረቆቹ የዐቂዳ (የእምነት ትምህርት)ና የሶላት መጻሕፍት ይገባል ባይ ነኝ።

ከ961 እስከ 976 በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን ባለችው በቡኻራ የገዛው፣ ሳማኒዶች የተባለው የፋርስ ሥርወ መንግሥት አሚር መንሱር ኢብኑ ኑሕ፣ የሊቁ የጦበሪን የቁርኣን ተፍሲር (ማብራሪያ) በዐረብኛው ማንበብ ቢከብደው፣ ወደ ፋርስኛ መመለሱ ይፈቀድ እንደሆነ ዑለማውን (የሃይማኖት ሊቃውንቱን) ጠየቀ። እነርሱም መልእክተኛ ሁሉ በሕዝቡ ቋንቋ እንደ ተላከ የሚናገረውን የሱረቱ ኢብራሂም 4ኛ አንቀጽ ጠቅሰው ፈቀዱ። መንገዱን አስቀድመው የጠረጉት በሶላት ውስጥ እንኳ ቁርኣንን በፋርስኛ መቅራትን (ማንበብን) የፈቀዱት ኢማም አቡ ሐኒፋ ናቸው፤ ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ግን ፈቃዱን ዐረብኛ ለማይችል ሰው ብቻ ወስነውታል።

የመንሱር ልጅ ኑሕ ደግሞ በ980 ገደማ «አስ-ሰዋድ አል-አዕዘም» የተባለውን የሐነፊዎች (የአቡ ሐኒፋ ተከታዮች) የዐቂዳ መጽሐፍ በፋርስኛ አስተረጎመ። ዐረብኛውን የጻፉት በ953 ያረፉት የሰመርቀንዱ ቃዲ አል-ሐኪም ሲሆኑ፣ ያጻፏቸው የመናፍቃን መብዛት ያሰጋቸው ቀደምቱ የሳማኒዶች አሚር ኢስማዒል ነበሩ። ከመጽሐፉ 62 ጉዳዮች አንዱ በውዱእ (ከሶላት በፊት በሚደረገው መታጠብ) ጊዜ እግርን በመታጠብ ፈንታ ኹፍ የተባለውን የቆዳ ጫማ በእርጥብ እጅ ማበስ እንደሚበቃ ያስተምራል። የጫማ ነገር ከእምነት አንቀጾች ጋር መሰለፉ የዛሬን አንባቢ ያስገርም ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሺዓዎች ይህን ስለማይቀበሉ፣ ሰው በልቡ የያዘው ወገን ለጎረቤቱ ዓይን የሚገለጠው ውዱእ ሲያደርግ ነበር። ይኸው መጽሐፍ ከደግም ሆነ ከኃጢአተኛ ኢማም ኋላ መስገድን፣ በገዢ ላይም ሰይፍ አለመምዘዝን ያዛል። አሚሮቹ ይህ ትምህርት እስከ ተራው ሰው እንዲደርስ መፈለጋቸው አያስደንቅም፤ ስለዚህ ትርጉሙን ለቋንቋ ፍቅር ብቻ የተሠራ አድርጎ ማቅረብ የዋህነት ነው።

የቋንቋ ሊቃውንት ከእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ጥንታዊ ቅጂዎች የፋርስኛው «ፐ» በዐረብኛው «በ»፣ «ገ»ም በ«ከ» ፊደል መጻፉን እየለቀሙ ብዙ አስተምረውናል። ሆኖም ጸሐፊው የደከመው ዐረብኛ የማያውቅ ሙስሊም እንዴት አምኖ እንዴት እንደሚሰግድ እንዲያውቅ ነው። የሐረር ዑለማም የሃይማኖት ግዴታዎችን የሚያስተምረውን «ኪታብ አል-ፈራኢድ»ን በጥንታዊ ሐረርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል ያቆዩልን ለዚሁ ዓላማ ነው። የቡኻራውንም ሆነ የሐረሩን መጽሐፍ የሚያርም ሰው ከሰዋስው ዐዋቂው ጎን ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) የቀራ ሰው ሊያስቀምጥ ይገባል።