ፈውሱ ከጣቱ ነው ወይስ ከሌላ?

ኢኤምዲአር በሚባለው ሕክምና ታካሚው ክፉ ትዝታውን እያሰበ የባለሙያውን ጣት በዓይኑ ግራ ቀኝ ይከተላል። የዓይኑ እንቅስቃሴ ያድናል? ደጋፊዋ ዋሽንግተን አካባቢ ሐበሾችን የምታክም ባለሙያ ናት፤ ተቃዋሚው የሥነ ልቦና መምህር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው በረሃና ባሕር ያቋረጠ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ ታዲያ ገመናውን እንዴት ይዘርግፍልኝ? አንድ ምስል ብቻ በልቡ እንዲይዝ እነግረዋለሁ። ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 ይለካልኛል፣ ጣቴን ግማሽ ደቂቃ ያህል ይከተላል። “አሁን ምን መጣ?” ስለው “እጅ” ካለኝ ይበቃኛል። የማን እጅ እንደሆነ አልጠይቀውም።

ተቃዋሚ፦ የገመናውን ነገር እቀበላለሁ፣ እህቴ። ግን እሱ የጣቱ ሙያ አይደለም፤ አለመጠየቅዎ ነው። የዚህ ሕክምና ጀማሪ ፍራንሲን ሻፒሮ በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክ ስትንሸራሸር ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል ሐሳቧ ቀለላት፤ በ1989 በ22 ሰዎች ላይ ያደረገችውን ጥናት አሳተመች። በ2001 ዴቪድሰንና ፓርከር ጥናቶቹን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ዓይን ተንቀሳቀሰም አልተንቀሳቀሰም ውጤቱ ያው ሆነባቸው። ሰውን የሚያሽለው ትዝታውን ሳይሸሽ መጋፈጡ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሻፒሮ በፊትም የታወቀ ነው።

ደጋፊ፦ 2001 ላይ ለምን ይቆማሉ? በ2013 ሊ እና ኩይፐርስ እንደገና ሲደምሩ የዓይኑ እንቅስቃሴ የራሱ ድርሻ ተገኘለት። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ታክሲ ውስጥ መልስ እየቆጠሩ የጠዋቱን ጠብ ለማሰብ ይሞክሩ እስቲ፤ ጠቡ ይደበዝዛል። አእምሮ ሁለቱን እኩል አይሸከምም፤ ትዝታውም ሲመለስ ስለቱ ዶልዱሞ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ሕክምናውን መክሯል።

ተቃዋሚ፦ ድርጅቱ የመከረው ሙሉውን ሕክምና ነው፣ ጣቱን ለይቶ አይደለም። ሊ እና ኩይፐርስ ከደመሯቸው 26 ጥናቶች 11ዱ የላብራቶሪ ሙከራ ናቸው እንጂ ሕክምና አይደሉም። ደግሞስ መልስ መቁጠር ከሠራ ዓይን ለምን ተመረጠ? እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዓይን ያድናል ሲባል የሰማ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን ከፍቶ የምትሮጥ ነጥብ ይከተላል። ትዝታው ሲገነፍልበት ማን አጠገቡ አለ?

ደጋፊ፦ በስልኩ ነገር አንጣላም። ሕክምናው 8 ምዕራፍ አለው፤ ጣቴን የማነሣው በ4ኛው ነው። ከዚያ በፊት ታሪኩን እሰማለሁ፣ ሲጨንቀው ራሱን የሚያረጋጋበትን አስለምደዋለሁ። ግን ጣቴን ላውርድ እንበል። ያ ሰው ምን ያደርጋል መሰለዎት? ወለሉን ነው የሚያየው።

ተቃዋሚ፦ ይየው። ጊዜ ይስጡት።

ደጋፊ፦ እኔማ እሰጠው ነበር፤ ኢንሹራንሱ እንጂ እንቢ የሚለው።