መመሪያ ሲረቀቅ ዝም፣ ሲደርስ እሪ

ወገኖቼ የጎጃም ሰዎች፣ ጎረቤት አንድ ፈር ገፍቶ ቢያርስባችሁ ዝም አትሉም። ሽማግሌ ታስቀምጣላችሁ። እርቁ ካልያዘ ወረዳ ፍርድ ቤት ትከሳላችሁ፤ ይግባኙን ይዛችሁም ባሕር ዳር ድረስ ትሄዳላችሁ። በሙግት የሚያህላችሁ የለም። ለአንድ ፈር እንዲህ የምትቆሙ ሰዎች፣ ማሳውን በሙሉ፣ ማዳበሪያውን፣ ግብሩን፣ ብድሩን፣ የንግድ ፈቃዱን የሚወስነው መመሪያ ሲጻፍ ግን የት ናችሁ? ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ማንን ጠይቆ ጻፈው ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማያችሁ መመሪያው ወርዶ፣ ተፈጽሞ፣ ጉዳቱ ቤት ከገባ በኋላ ነው። እሪ የምትሉትም ያን ጊዜ ነው። የምትጮኹበት ሰው ደግሞ መመሪያውን ያወጣው አይደለም፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ፣ ምንም የመወሰን ሥልጣን የሌለው የሰው ልጅ ነው።

ይህን የምለው ከእናንተው አንዱ ስለሆንኩና ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ስለዚህ ቃሌ ቢሻክር ታገሡኝ።

አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል። መመሪያ የሚያወጣው ግን ሚኒስቴሩ ወይም ባለሥልጣኑ ራሱ ነው። በክልልም መንገዱ ያው ነው፤ ምክር ቤቱ አዋጅ፣ መስተዳድሩ ደንብ፣ ቢሮው መመሪያ። አዋጁ ላይ የመረጣችሁት ሰው እጁን አውጥቷል። መመሪያው ላይ እጁን ያወጣላችሁ ሰው የለም፤ ኑሯችሁን የሚነካው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እዩ። አዋጁ ባለይዞታው ካሳ እንደሚከፈለው ይናገራል። የባሕር ዛፉ፣ የጌሾው፣ የጓሮው አትክልት በምን ስሌት እንደሚገመት ግን ከአዋጁ በታች ባሉ ወረቀቶች ይዘረዘራል። ገበሬው «ካሳ ይከፈለኛል» ሲባል ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የብሩን ልክ ሲያይ ነው ራሱን የሚይዘው። ብሩ የተወሰነው ግን እሱ ካሳ የሚለውን ቃል ሰምቶ ወደ ቤቱ በተመለሰበት ቀን ነበር።

ከመስኮቱ የምንሰማው መልስ ደግሞ ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ነው። «መመሪያው አይፈቅድም።» እስቲ መመሪያውን አሳየኝ ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ያላችሁትም «ለውስጥ አሠራር ነው፣ ለባለጉዳይ አይሰጥም» ሲባል አንገታችሁን ደፍታችሁ ተመልሳችኋል። በምን ሕግ ነው የምትገዛኝን ሕግ የምትደብቀኝ ብሎ የተከራከረ ተሟጋች ግን ብዙ አላየሁም፤ ለፈሩ ያ ሁሉ ክርክር እያለን።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥሩ 1183/2012 የሆነ፣ ወጥቷል። ይህ አዋጅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ እንዴት እንደሚያወጡ ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ማሰቡን ያስታውቃል፤ ረቂቁን ለሕዝብ ግልጽ ያደርጋል፤ በጽሑፍም በቃልም አስተያየት ይቀበላል። ካጸደቀውም በኋላ መመሪያው ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ አይጸናም። በግለሰብ ላይ ውሳኔ ሲሰጥም ባለጉዳዩን መስማትና ምክንያትን መግለጽ ግዴታ ነው። መመሪያው ከሕግ ውጭ ከሆነ ወይም ሥነ ሥርዓቱን ካልጠበቀ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ይባልበታል። ቅኔ ቤት የተቀመጡ ያውቁታል፤ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሳይነግር፣ ሳይታረም፣ ሳይመለስ ማኅሌት ላይ አይወጣም። አዋጁም ከመሥሪያ ቤቶች የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ ረቂቁ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት ይነገር፣ ይታረም።

ከዋሸራ እስከ ዲማ ቅኔ የቆጠረ አገር እንዴት ይህን ሥርዓት ሳይዘው ይቀራል? «ለውስጥ አሠራር ነው» ላላችሁ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መልሱ በእጃችሁ ነበር። «ይፋ ካልሆነ በኔ ላይ አይሠራም» ማለት ይበቃ ነበር። አላችሁት ወይ?

ገበሬውን አይደለም እዚህ ላይ የምወቅሰው። ገበሬው ነጋሪት ጋዜጣ የት ያገኛል? ወቀሳዬ በእናንተ በተማራችሁት ላይ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ባሕር ዳርም አለ፣ ደብረ ማርቆስም አለ። በየዓመቱ በሕግ ዲግሪ የሚመረቀው ልጅ ያባቱን ቀበሌ ሰው ሰብስቦ ይህንን አዋጅ አንድ እሑድ ቢያስረዳ ምን ይጎድልበታል? በየከተማው ያላችሁ ጠበቆች፣ መምህራን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አመራሮች፣ ነጋዴዎች፣ እናንተ ስልካችሁ ላይ ረቂቁን ማንበብ ትችላላችሁ። በስልካችሁ ግን ረቂቅ አታነቡም፤ ረቂቁ መመሪያ ሆኖ ሲጎዳችሁ ትጽፋላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል ለልጆቻችሁ ታስተምራላችሁ፤ ራሳችሁ ግን ከተቃጠለ በኋላ ቅጠል ትፈልጋላችሁ።

የማዳበሪያውን ነገር አስታውሱ። በ2015 ዓ.ም. ገበሬው ዝናቡ ወርዶ፣ በሬው ተጠምዶ፣ ማሳው ታርሶ ማዳበሪያ አጣ። እጥረቱ ከግዥም ከመጓጓዣም የመጣ ነበር። ያለችውስ ጥቂት ማዳበሪያ እንዴት ትከፋፈል? ለማን፣ በየትኛው ማኅበር በኩል፣ በምን ቅድሚያ? ይህ የአሠራር ጥያቄ ነው፤ የአሠራር ጥያቄ ደግሞ ክረምት ከመግባቱ በፊት በበጋ ይጻፋል። በዚያ በበጋ አሠራሩን አምጡና እንየው ያለ የማኅበር ጉባኤ ቢኖር፣ ሰኔ ላይ መጋዘን ደጅ የሚደረገው ግፊያ ቢያንስ ፍርድ ይኖረው ነበር።

አሁን ወደ ታሪካችን ልመለስ፤ ይህ ነገር ከእኛ በላይ የሚመለከተው የለምና። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ፓርላማው ብዙ ተከራክሮበት ነበር። ክርክሩ አዲስ አበባ ነው። ጎጃም የደረሰው ገማች ነው። ገማቹ ማሳውን አይቶ ይህ ሰው ይህን ያህል ያገኛል ብሎ ሲጽፍ፣ ገበሬው ርስቴ ሊለካ ነው፣ ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። የሚያስረዳው፣ ስጋቱን የሚሰማው፣ ግምቱ ሲበዛበት ይግባኝ በል የሚለው አላገኘም። ከዚያ የሆነውን አባቶቻችን ነግረውናል። ከሞጣና ከብቸና እስከ ዳሞት ሕዝቡ ተነሣ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ የጎጃም ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ጎጃም አሸነፈ ብለን እስከ ዛሬ እንፎክራለን። የሞተው ሰው ግን አልተመለሰም፤ የተቃጠለውም ቤት በፉከራ አልተሠራም። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ነገር ትልቁ ክፍል የግመታው አሠራር ነበር፤ ቀድሞ በየአውራጃው ሸንጎ ላይ ወጥቶ ቢሆን ሊታረም የሚችል አሠራር።

የአባቶቻችሁን ጀግንነት ማሳነሴ አይደለም። ሌላ በር አልተከፈተላቸውም ነበር። ለእናንተ ግን በሕግ የተከፈተ በር አለ፤ ጠባብ ነው፣ ይቆለፋል፣ በረኛው ይቆጣል፣ ግን አለ። ካላንኳኳችሁት አንኳኩቶ የሚያውቅ ሕዝብ የለም ብለው ይገነቡበታል።

አሁን ስለ ምክር ቤቱ። ረቂቅ አዋጅ ሲቀርብ መጀመሪያ ይነበባል፤ ከዚያ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ቋሚ ኮሚቴው የባለድርሻ አካላትን ሐሳብ ሰምቶ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ክርክር ይደረግና ድምፅ ይሰጣል። 547 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ነው፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከተገኙ ስብሰባው ይጸናል፤ ከተገኙትም አብላጫው ይወስናል። ዜና አንባቢው «በሙሉ ድምፅ» ወይም «በአብላጫ ድምፅ» ጸደቀ ብሎ ያልፋል። ከዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ እኔ የምሰማው ስለ መጀመሪያዎቹ አንቀጾች፣ ስለ ዓላማና ስለ መርሕ ነው። እናንተ የምትሰሙት ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች ይሁን። እዚያ «ይህን አዋጅ ለማስፈጸም ሚኒስቴሩ መመሪያ ሊያወጣ ይችላል» የምትል አጭር አንቀጽ አለች። ስትነበብ ሰው ወረቀቱን እየሰበሰበ ይሆናል። የእናንተ ኑሮ ያለው እዚያች ውስጥ ነው። ስለ ምን መመሪያ? በምን ወሰን? ቅጣት መጨመር ይችላል? አዲስ ክፍያ መጣል ይችላል? ተወካያችሁ ተነሥቶ ይህን ካልጠየቀ፣ የሰጠው ድምፅ ባልተጻፈ ወረቀት ላይ የተፈረመ ነው።

ይህ ክርክር በሌላውም አገር አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ መሥሪያ ቤቶች ደንብ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን አትመው የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው። ይህም አልበቃም ብለው፣ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የኢኮኖሚ ጫና ያለው ደንብ ሁሉ ኮንግረሱ በድምፅ ካላጸደቀው እንዳይሠራ የሚል ረቂቅ ሕግ ደጋግመው አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታችኛው ምክር ቤት 221 ለ210 በሆነ ድምፅ አሳለፈው፤ ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም። ደጋፊዎቹ፣ ሕዝብ ያልመረጠው ሠራተኛ ሕግ ሊያወጣብን አይገባም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ ስለ ውሃና ስለ መድኃኒት ጥራት የሚወጣ ደንብ ሁሉ ምክር ቤት ከጠበቀ ሥራው ይቆማል፣ ሰው ይጎዳል ይላሉ። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። የእኛም ምክር ቤት ስለ ዘር ማሸጊያ ድምፅ ሲሰጥ እንዲውል አልመኝም። ነገር ግን እዚያ እያንዳንዱ አባል ደገፈ ተቃወመ ተብሎ በስሙ ይታወቃል፤ መራጩም ስሙን ይዞ ይጠይቀዋል። የእናንተ ተወካይ በየትኛው ረቂቅ ላይ በየትኛው ወገን እንደነበረ ከእናንተ ውስጥ የሚያውቅ አለ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም ይደነግጋል። ይህን የምታነሡት በምርጫ ሰሞን ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ጎጃም በጦርነት ውስጥ ሆና፣ መንገድ እየተዘጋ፣ ኔትወርክ እየጠፋ፣ ሰው እየሞተ ስለ መመሪያ ታወራለህ ሊለኝ ይችላል። የሐዘኑን ክብደት አውቀዋለሁ። ግን መመሪያው በጦርነትም ጊዜ መጻፉን አላቆመም። መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት የተጻፈው ወረቀት መንገዱ በተከፈተ ማግስት ይደርሳችኋል። ሰላም ሲወርድ መጀመሪያ ደጃችሁን የሚያንኳኳው ግብር ሰብሳቢው፣ መሬት አስተዳደሩና ካሳ ገማቹ ናቸው፤ በእጃቸው የያዙት ያ ወረቀት ነው።

ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ተዉት። በዚህ ነገር ዝም ነቅዟል፤ ነቅዞም ያየነው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። 1183/2012 የሚያዝዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት፣ የግብርና ቢሮ፣ የንግድ ቢሮ የክልል ናቸው። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ስንት ነገር ለደንብና ለመመሪያ እንደተወ አንድ ጠበቃ አስቀምጣችሁ ቁጠሩት። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ምክር ቤትም ይሂድ፤ ቢሮዎቹ መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለእናንተ የሚያሳዩበት፣ አስተያየታችሁን የሚቀበሉበት፣ ያልታተመውን የማያስፈጽሙበት ግዴታ በክልሉ ሕግ ይኑር በሉ። በማኅበር ጉባኤ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ፊርማ ተደርጎበት ይጠየቅ። በአፍ የተጠየቀ ነገር የት እንደሚቀር ታውቃላችሁ።

የፌዴራሉ ምክር ቤት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ነው። በዚያ መካከል ተወካያችሁ ወደ መራጩ ይመጣል። ሲመጣ ስለ አስፋልትና ስለ ትራንስፎርመር ብቻ አትጠይቁት። በዓመቱ ያጸደቃችኋቸውን አዋጆች ዝርዝር አምጣ በሉት። በእያንዳንዱ ላይ ምን ድምፅ ሰጠህ? ስለ መመሪያ የማውጣት ሥልጣን በክርክሩ ምን ተናገርክ? ከአዋጁ ወዲህ የትኞቹ መመሪያዎች ወጡ፣ ረቂቃቸው ለማን ቀረበ? የማያውቀውን ጠይቆ የሚመጣበትን ቀን ቁረጡለት፤ ቀኑንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት፣ እሱም ይፈርምበት።