ድሮፕ የማይደረጉ ኮርሶች

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ እየኖረ፣ ሥራውንና ኮሚኒቲ ኮሌጁን አንድ ላይ የሚያስኬድ ኢትዮጵያዊ ከመማሪያ መጽሐፉ አስቀድሞ የኮሌጁን የቀን መቁጠሪያ ማጥናት ይኖርበታል። ሴሚስተሩ በተከፈተ ሰሞን ኮርሱን ድሮፕ ያደረገ፣ ማለትም የተወ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ በመዝገቡም ላይ ምልክት አይቀርበትም። ቀኑ ያለፈበት ግን ክፍያውን አጥቶ በትራንስክሪፕቱ ላይ ኮርሱን አቋርጦ መውጣቱን የሚያሳየው ደብልዩ ይሰፍርበታል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ እስከ መጨረሻው የተቀመጠ ደግሞ ኤፍ ይጠብቀዋል። እግዚአብሔር እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ ፈተናውን የሚያርመው ግን መምህሩ ነው።

ነርስ ለመሆን የተነሳች፣ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት እህታችን በዚህ ሰሞን በ4 ክሬዲቱ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ተይዛለች። ኮርሱን በጊዜ ብትተወው ከ12 ክሬዲት በታች ትወርድና የሙሉ ጊዜ ተማሪነቷ ይቀራል፤ የመንግሥት ድጋፍ የሆነው ፔል ግራንቷም ይቀንሳል። ዘግይታ ብትተወው ደብልዩዋ አማካይ ውጤቷን ባይነካም፣ ተመዝግባ ካልጨረሰቻቸው ኮርሶች ይቆጠርባታል፤ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ደግሞ ተማሪው ከተመዘገበባቸው ክሬዲቶች በአብዛኛው 67 በመቶውን እንዲያጠናቅቅ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አስልታ ስታበቃ «ታዲያ ለምን ሌላውን አልተወውም?» ብላ አሰበች። አሳቡ ብልህ ነበር፤ ሌላው ግን የመተዊያ ቀን የለውም።

የሌሊቱን ሥራ እንዳትተው፣ አገር ቤት ያሉት የሁለቱ ታናናሾቿ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሄደው ከእሱ ነው። ዕቁቡን እንዳትተው፣ ዕጣው አስቀድሞ ወጥቶላት መኪና ገዝታበታለች። ቅዳሜና እሁድ የክርስትናና የምርቃት ጥሪ አለ፤ በተለይ ምርቃቱ የሚቀር አይደለም። እንዲያውም ባለፈው ሴሚስተር ለፈተና ማጥናት የነበረባትን ቅዳሜ በሰው ምርቃት እስክስታ ስትወርድበት አምሽታ፣ «ያንቺንስ መቼ ነው የምንበላው?» ተብላ ተጠይቃለች። ጠያቂዎቹ ከአዳራሹ እንዳትወጣ እጇን ይዘው ያስቀሯት ሰዎች ነበሩ።

የቀረው የማርያም ማኅበር ነው። ወሩ በገባ በ21 የሚውለው በዓል በአሜሪካ የሥራ ሰዓት ምክንያት ወደ እሁድ ተዛውሯል፤ እሁድ ደግሞ ከሌሊት ሥራ ወጥታ የምትተኛበትና የምታጠናበት ቀን ነው። ድፍረቷን አሰባስባ ለማኅበሯ ሰብሳቢ ስልክ ደወለች።

«እትዬ፣ ለዚህ ሴሚስተር ብቻ ከማኅበሩ ብቀር ምን ይመስልዎታል?»

«አንቺ ልጅ፣ ማርያምን ትተሽ የ206 አጥንት ስም ልትሸመድጂ ነው?»

ለዚህ መልስ የሚሆን አንቀጽ በኮሌጁ መመሪያ ውስጥ አልተገኘም። በዚያው ምሽት የኮሌጁን ድረ ገጽ ከፍታ አናቶሚውን ሰረዘች፤ ይህን ለማድረግ ሽማግሌ መላክም ሆነ ይቅርታ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ወሬው ለእትዬ የደረሰው በማግስቱ ነው። በውሳኔዋ እጅግ ተደስተው ራሳቸው ደወሉላትና፣ ጊዜ ማግኘቷን በመስማታቸው የሚቀጥለውን ወር ተራ ወደ እሷ እንዳዞሩት፣ እንጀራውም የሱቅ ሳይሆን በእጇ የተጋገረ እንዲሆን ማኅበርተኛው መስማማቱን ነገሯት።