እርማት፦ ዲኤልኤስኤስ የሚሠራው በአንዳንድ ግራፊክስ ካርዶች ላይ ብቻ ነው

ወንድሜ፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ የቪአር (መነጽር አጥልቀው የሚጫወቱት) ጌም ቤት ልትከፍት ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ግን ስለ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ «ጂቲኤክስ 1060 ይበቃል፣ ዲኤልኤስኤስ ሶፍትዌር ስለሆነ አውርዶ መጫን ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ብርህን ከማውጣትህ በፊት ልንገርህ ብዬ ነው።

ዲኤልኤስኤስ ጌሙ እንዲፈጥን ካርዱ ትንሽ ምስል ሠርቶ በኤአይ የሚያሳድግበት የኤንቪዲያ ዘዴ ነው። ለዚህም ቴንሰር ኮር የሚባል የቺፑ ክፍል ይፈልጋል። ይሄ ክፍል ጂቲኤክስ ላይ የለም። ለጌም ካርዶች የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጡት አርቲኤክስ 20ዎቹ ጋር ነው። ጌሙም ራሱ ሊደግፈው ይገባል።

የሌላው ካርድ ሠሪ የኤኤምዲ ምስል ማሳደጊያ፣ ኤፍኤስአር 1፣ በ1060 ላይም ይሄዳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ተአምር አትጠብቅ። ኩዌስት 2 የሚባለው የቪአር መነጽር ለእያንዳንዱ ዓይን 1832 በ1920 ፒክስል አለው። በ90 ኸርዝ (በሰከንድ 90 ምስል) ሲሠራ ካርዱ የሁለቱንም ዓይን ምስል በ11 ሚሊሰከንድ ገደማ መጨረስ አለበት። ካልደረሰ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ደንበኛህን ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ደግሞ ስክሪኑ ዓይን ሥር ነው። ከትንሽ ምስል በተለጠጠ ነገር ላይ ያለ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሳታስተውለው የምታልፈው ብዥታ እዚያ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፣ በተለይ ጽሑፍና ራቅ ያለ ነገር ላይ።

ያገለገለም ቢሆን አርቲኤክስ ፈልግ። ስትገዛም መነጽሩን ሰክተህ፣ ራስህ አጥልቀህ ሞክረው።