መቶ በመቶ ደጅ ጠኚ

ሲያትል ከገባሁ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጓደኛዬ ሳሎን ተቀምጬ የአሜሪካ ፉትቦል እንዳይ ተፈርዶብኛል። ዛሬ የተነሣሁት ምስጋና ላቀርብ ነው። ለተጫዋቾቹ አይደለም፤ እነሱ ደመወዛቸውን ይቀበላሉ። ምስጋናዬ ለመቶኛዋ ነው።

ሜዳው 100 ያርድ ነው። ለግብ መሥመሩ የቀረበው የመጨረሻው 20 ያርድ ደግሞ «ሬድ ዞን» ይባላል። ኳሷን ይዞ መሥመሩን ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ቀጥሎ በሚመታት ምት ሰባት ይሞላለታል። መግባት ያቃተው ግን ኳሷን በእግሩ ወደ ምሰሶዎቹ መሃል ልኮ 3 ነጥብ ይዞ ይመለሳል። ሦስቷ ደጅ ለጠና የምትሰጥ ድርጎ ናት።

ሬድ ዞን ከደረሱበት ጊዜ ስንቱን ነጥብ ይዘው እንደተመለሱ በመቶኛ የሚቆጥረው የኮሌጆች የሬድ ዞን ደረጃ ታዲያ አድልዎ አያውቅም፤ ባለቤቱንም ድርጎኛውንም ከአንድ መሶብ ያስቆርሳል። አምስት ጊዜ ደርሶ አምስቴም ሦስት ሦስት የለቀመ ቡድን 15 ነጥብ ይዞ «መቶ በመቶ» ይባላል። አምስት ጊዜ ደርሶ አራቴ የገባው 28 ነጥብ ቢያመጣም፣ አንዴ ባዶ እጁን ስለተመለሰ 80 በመቶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ፍትሕ ከወዴት ይገኛል? ከ40 ያርድ ተፈትልኮ የገባማ ከነጭራሹ አይቆጠርለትም። ደጅ ሳይጠና ገብቷላ! ባለጌ ነው።

ፕሮፌሽናሎቹ የሚመኩት መግባትን ብቻ በሚቆጥረው መቶኛ ነው፤ ይህ ትንሽ ያስቀይማል። ደግነቱ በሌላ በኩል ይክሱናል። ዳኛው ከተከመረው ሰው ሥር ኳሷን አውጥቶ በዓይኑ ገምቶ ያስቀምጣታል፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ቡድኑ ኳሷን ይዞ ለመቀጠል መሙላት ላለበት አሥር ያርድ ስንት እንደጎደላት ካሜራ በኢንች ይለካል። በግምት የተቀመጠን ነገር በኢንች መለካት! እጅ ይነሣልኛል።

የእኛ ሰፈር ግን ቁስል አለበት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015፣ በሱፐር ቦውል፣ በፕሮፌሽናሎቹ የዋንጫ ፍጻሜ፣ የሲያትሉ ቡድን ሲሆክስ በኒው ኢንግላንድ ቡድን 28 ለ24 እየተመራ አንድ ያርድ ቀረው። አንድ ያርድ ከአልጋ ወርዶ ጫማ የመፈለግ ያህል ነው። አራት ነጥብ ስለሚጎድል ድርጎ አያድንም፤ መግባት ግድ ነው። ማርሻውን ሊንች፣ ያ ግድግዳ የሚያፈርስ ጎረምሳ፣ አጠገባቸው ቆሟል። ሃያ ስድስት ሰከንድ ሲቀር ኳሷን ወረወሯት። የኒው ኢንግላንዱ ማልኮም በትለር በአየር ላይ ቀለባት። በቃ።

ጓደኛዬ ያን ቀን ዛሬም ይተነትነዋል። ባለፈው እሑድ ጣቱን እያጠፈ ስለ መቶኛው ሲያስረዳኝ፣ ባለቤቱ የተቆላውን ቡና ልታስሸትተን ጢሱ የሚትጎለጎለውን ምጣድ ይዛ መጣች። ፊቱ ላይ ስታዞርለት ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ወደ አፍንጫው ሳበው።

«ለመሆኑ ገቡ ወይስ አልገቡም?» አለችው።

«ሬድ ዞን ደርሰው ነበር እኮ» አላት።

እኔ ጋ ሳትደርስ ምጣዷን ይዛ ተመለሰች።